መንታ ቃላትን የለያየሁበት ዓመት

ቻርቱን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ስድስት ትልልቅ ነጭ ወረቀቶችን በዱቄት ሙጫ አጣበቅሁ፤ እንዳይቀደድ ጠርዙን በጨርቅ ሰፋሁት፤ ከዚያም ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጻፍሁበት። በግራ በኩል በቀይ፣ በቀኝ በኩል በሰማያዊ። ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸውም ፍቺያቸውም የሚለያይ ቃላት ናቸው። ማየትም «ሲ» ነው፣ ባሕርም «ሲ» ነው። ፀሐይም «ሳን»፣ ወንድ ልጅም «ሳን»። ሥጋም «ሚት»፣ መገናኘትም «ሚት»። ዱቄትም አበባም «ፍላወር»። ከታች በኩል ደግሞ ድምፃቸው ተለያይቶ መልካቸው የሚያሳስት ጥቂት ጨመርሁ፤ እንደ «ኳየት» እና «ኳይት»፣ አንድ ፊደል ቦታ ሲለውጥ ጸጥታው «በጣም» የሚሆንባቸው ዓይነት።

በዱላ ቀዩን ስነካ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ሰማያዊውን ስነካ ይጮኻሉ። ስድሳ ልጅ በአንድ አፍ ሲያዜመው ከግቢው ግንብ ውጭ ያለው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። በልምድ ልውውጡ ቀን ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን ቆመው ቀዱት። ርዕሰ መምህራችን በሰው ፊት ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ ቻርት ልጆቼን ያሳስት እንደነበር የነገረችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት።

ሐረር የመጣሁት በዕጣ ነው። ከማሠልጠኛ ስንመረቅ የተጠቀለለች ወረቀት ከቆርቆሮ ውስጥ አወጣሁ፤ «ሐረርጌ» ትላለች። አባቴ ጎጃም ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥሩ የኔታ ነበሩ። ወረቀቷን ሳነብላቸው «እንግዲህ ሰው ያለበት አገር ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም የዳዊት መጽሐፌንና ሁለት ቀሚስ ይዤ ወጣሁ።

አቦከር ሰፈር ውስጥ፣ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው በቀሩ የክርስቲያን ቤተሰብ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እሳለማለሁ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ያን ጊዜ ዘመኑ የአብዮት ነውና መምህር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መታየቱ ወሬ ይሆን ነበር። በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላለሁ፤ በየዓመቱ «ተተኪ እስኪገኝ» የሚል መልስ ይመጣል። መጀመሪያ ግር ያለኝ አነጋገሩ ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅን አንቱ ሳይሉ አፍ አይከፈትም፤ ሐረር ላይ ግን አንዱ ሌላውን «አቦ፣ አንተ!» ሲለው ፍቅር ነው። እስክለምደው ድረስ ስንቱን ቀን ተቀይሜ አደርሁ!

ልጅቷ ሐረሪ ናት። ያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇ ይወጣል፤ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አባቷ ሞተዋል፤ እናቷ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ይህች ልጅ የስድስተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ወደቀች። ሒሳቡን ደህና ሠርታ፣ ሳይንሱን ደህና ሠርታ፣ እንግሊዝኛው ጎትቶ ጣላት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና በዚያ የወደቀ በር ላይ ቀረ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ያስተማርኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ እናቷ የቅመም ሽታቸውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄ ደደብ ናት?»

«ኧረ በፍጹም! ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝ ናት?»

«በጣም።»

«ጎበዝ ሆና ከወደቀች እንግዲህ ደደቡ ሌላ ሰው ነዋ!»

ወንበር ሳብሁላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ስሚኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ነጭ አዝሙዱን ከድንብላሉ የምለየው በአፍንጫዬ ሆኗል። መደቡ ላይ ሰው ያስፈልገኛል። ግን ልጅቷ ትምህርት ትወዳለች። አንድ ዓመት ሰጠኋት። ወላሂ፣ አንድ ብቻ! ካለፈች ትማር፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ። ካላለፈች ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ይኸው ነው።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ስድስተኛ ክፍልን ልትደግም እንደገና እኔው ዘንድ ገባች።

ቻርቱን አቧራውን አራግፌ ሰቀልሁት። ዘንድሮ በርትቼ አስጠናቸዋለሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አስዜማቸዋለሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። ዱላዬን አንስቼ ጀመርሁ። ክፍሉ ተቀበለኝ። እሷ ብቻ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት አስቀረኋት።

«ለምንድን ነው ከሰው ጋር የማትይው?»

«ቲቸር፣ ስለው ይበላሽብኛል።»

«ምኑ ነው የሚበላሽብሽ?»

ሻሿን ወደ ፊት ሳበች። «እርስዎ ሳያስተምሩን በፊት አውቃቸው ነበር።»

ተቆጣሁ። «ውጪ!» አልኋት። ወጣች። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ያቺን ቻርት እያየሁ፣ አንዲት ልጅ እንዴት ትደፍረኛለች እያልሁ የእረፍቱ ደወል አለፈ። ከሰዓት በኋላ ግን ቃሏ አልለቀቀኝም። አባቴ ተማሪ የተናገራቸውን ነገር ቢያማቸውም ሳይመረምሩ አይተዉትም ነበር። ከትምህርት በኋላ ጠራኋትና «ጠዋት ያልሽውን እስኪ ድገሚልኝ፤ አልቆጣም» አልኋት።

ነገረችኝ። የዱቄቱን «ፍላወር» የምታውቀው ከጆንያ ላይ ነው። እናቷ የሚቀመጡበት የእርዳታ ዱቄት ጆንያ ነበር፤ በላዩ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል ተጽፎበታል። ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ በጣቷ እየተከተለች አውቃዋለች። የአበባውን ደግሞ ከሳሙና ካርቶን ላይ አገኘችው፤ ጽጌረዳ ተስሎበት ነበር።

«ሁለቱን አቀላቅዬ አላውቅም፣ ቲቸር። የጆንያው የጆንያው ነው፤ የሳሙናው የሳሙናው ነው። ቻርቱ ላይ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን... አሁን አንዱን ስጠራው ሌላው አብሮ ይመጣል። ቀዩ የቱ ነበር፣ ሰማያዊው የቱ ነበር እላለሁ። ፈተናው ላይ ደግሞ ቀለም የለም።»

ፈተናው ላይ ቀለም የለም! ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

የአንዲት ልጅ ቃል ብቻ ይዤ ቻርቴን ላወርድ አልቻልሁም። አምስተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ጓደኛዬን ለምኜ ክፍላቸውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተዋስሁ። ቻርቱን አይተውት የማያውቁ ልጆች ናቸው። ዐሥር ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው፤ ክፍት ቦታውን ሙሉ አልኋቸው። ያንኑ ወረቀት ባለፈው ዓመት አስተምሬያቸው ለሚደግሙት ልጆቼም ሰጠሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ አረምሁት።

አምስተኛ ክፍሎቹ የማያውቁትን ባዶ ትተውታል። የሚያውቁትን ግን በትክክል ጽፈዋል። የእኔዎቹ አንድም ባዶ ቦታ አልተዉም። ሁሉንም ሞልተዋል፤ አቀያይረው። ዳቦው ከአበባ ተጋግሯል። ፀሐይ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አንዱ ጓደኛውን ጠዋት ገበያ ላይ ሥጋ አድርጎታል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጄን ፊቴ ላይ አደረግሁ። እነዚህን ልጆች ያላወቁትን አላሳወቅኋቸውም፤ የሚያውቁትን ነው የነጠቅኋቸው።

ይህን አወቅሁ እንጂ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ቻርቱን አውርጄ በምን ልተካው? ፈተናው መንታዎቹን መጠየቁ አይቀርም።

በሚቀጥለው ዓርብ ልጅቷ ቤት ሄድሁ። እናቷን ላነጋግር፣ የማጥኛ ሰዓት እንዲሰጧት ልለምን ነበር ሐሳቤ። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ነው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ በቀይ አፈር የተለቀለቁ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። በአክርማ የተሰፉ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ፣ በተርታ የተሰቀሉ።

«ዓርባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉኝ እናትየዋ ሳልናገር። «ቴምር ጾም አያስፈታም። ያን ስፌት አውርጂልኝ እስኪ፣ ቁመትሽ ይደርሳል።»

ወደጠቆሙት ዞሬ አንዱን አወረድሁ። ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ምን ሆንሽ?»

«እሱ የሰርግ ነው፣ ቲቸር! አይወርድም። ያኛው ነው የእንግዳ።»

ሁለቱን አስተያየሁ። ማርያምን፣ አንድ ናቸው! ያው ክብ፣ ያው ቀይና ጥቁር፣ ያው ጠርዝ። እንደነበረ መልሼ ሰቀልሁትና ሌላውን አወረድሁ።

«በምን ትለይዋቸዋለሽ?» አልኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «አይመሳሰሉም እኮ!»

ወደ እናቷ ዞርሁ። «እትዬ፣ ይህን እንዴት አስተማሯት?»

«ምኑን?»

«መለየቱን።»

«መለየት አስተምሬ አላውቅም። የእንግዳውን ሠራች። ወስፌ ይዛ ጀመረች፤ ተጣመመባት፣ ፈታሁባት። አለቀሰች፣ እንደገና ሠራች። ዓመት ፈጀባት። እጇ ሲያውቀው እዚያች ቦታ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ሌላ ዓመት የሰርጉን ጀመረች።»

«ሁለቱን አንድ ላይ ብትጀምራቸውስ ኖሮ? እያስተያየች?»

ከልባቸው ሳቁ። ቴምሩን ወደ እኔ ገፉት።

«አቦ፣ እንዲያማ ከሆነ ሁለቱም ይሞታሉ! የአንዱ ጥለት ሌላው ውስጥ ይገባል፣ መፍታትም አይቻል። መጀመሪያ አንዱ ከነቦታው ይያዝ። ሁለት የሚመሳሰል ነገር በአንድ ቀን ለልጅ የሚሰጥ ማን አለ?»

እኔ አለሁ፣ አልሁ በልቤ።

ከዚያ ቤት ወጥቼ አቦከር እስክደርስ የማስበው አባቴን ነበር። በእኛ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ሞልተዋል፤ ልጅ ሆኜ ግን ሠን ከሰ ጋር ያስተያዩኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። አንዱ «ንጉሡ ሠ» ነው፣ ንጉሥ በሚለው ቃል ውስጥ ቤት አለው። ሌላው «እሳቱ ሰ» ነው፣ ቤቱ እሳት ውስጥ ነው። በፊደል ገበታው ላይ እንኳ ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ በመካከላቸው ረ አለ። ሀም ከሐ ጋር አይጎራበትም፤ ለ ገላጋይ ሆኖ ገብቷል። ጸ እና ፀ ብቻ ናቸው ጎረቤታሞች፤ እኔም እስከ ዛሬ የምሳሳተው በእነርሱ ነው። ይህን ሁሉ ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ተምሬው፣ ማሠልጠኛ ገብቼ ረሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ ቻርቱን አወረድሁ።

ቻርቱን ማውረድ ግን የእኔ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የተመሰገነበት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። ሳይጠይቁኝ ልናገር ቆረጥሁ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ውይይት ነበረን፤ በመጨረሻው ሂስና ግለሂስ ይባላል። እያንዳንዳችን ተነሥተን የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ሁሉም ለዚያ የምትሆን አንድ የለመዳት ጥፋት ነበረችው። አንዱ ሁልጊዜ «ሰዓት አላከብርም»፣ ሌላው ሁልጊዜ «በንባብ ደካማ ነኝ» ይላል። የእኔ «በስብሰባ ላይ ሐሳብ አልሰጥም» የምትል ነበረች። ያን ረቡዕ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና «የሠራሁት ቻርት ተማሪዎቼን አሳስቷል፤ ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ የወደቁት በእኔ ጥፋት ነው፤ አውርጄዋለሁ» አልሁ።

እንዲህ ያለ ግለሂስ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«ጓድ መምህርት» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ቻርቱ እኮ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተቀድቷል።»

«እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ፣ ጓድ።»

ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው፣ ማንንም የማይፈሩ። «ኧረ ልጅት!» አሉ ከኋላ፤ «ግለሂስ አምጪ ብትባል ንስሐ ይዛ መጣች!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ረዳኝ፤ የርዕሰ መምህሩም ፊት ላላ።

«በምን ልትተኪው ነው?»

«አንድ አንዱን፣ በየተራ። እስከ ፋሲካ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ። ሌላውን ከፋሲካ በኋላ።»

«ፈተናው ሰኔ ነው። ቢወድቁስ?»

«በእኔ ይሁን።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

ወረቀት አመጡ፤ ፈረምሁ። በዚያው ሳምንት የዝውውር ፎርም ታደለ። ዓመቱ መካከል ላይ ዝውውሩ ቢመጣልኝ በእኔ ቦታ የሚገባው ሰው ቻርቱን መልሶ ይሰቅለዋል ብዬ ሳልሞላው ዳዊቴ ውስጥ አጥፌ ከተትሁት። አባቴ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እናቴ ግን በዚያ ዓመት እንደምመጣ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ነበር።

ቻርቱ በነበረበት ቦታ ላይ ጆንያ ሰቀልሁ። ልጅቷ ከእናቷ ለምና ያመጣችው፣ ታጥቦ የደረቀ ባዶ የዱቄት ጆንያ ነው። ለአንድ ሳምንት «ፍላወር» ማለት ያ ጆንያ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ጻፉት፣ ዳሰሱት፣ ከእርሱ ዳቦ ጋገሩ፣ ገንፎ አገነፉ፤ ሁሉንም በዓረፍተ ነገር። በሚቀጥለው ሳምንት የዓይኑ «ሲ» መጣ። እያንዳንዱ ቃል ቤት ይኖረዋል፤ ቤቱን የሚፈልጉት ልጆቹ ናቸው። ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሬዲዮ ጀርባ፣ ከጭነት መኪና በር ላይ እየቀዱ ያመጡ ነበር። ቃሉን በስሙ መጥራት ቀረና «የጆንያው»፣ «የዓይኑ»፣ «የመኪናው» ይሉት ጀመር።

ጂኦግራፊው አዛውንት አንድ ቀን በመስኮት ሰምተው «ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከአባቴ።»

«አወቅሁት። ብቻ ንጉሡ ሠን እዚህ ግቢ እንዳታስገቢብን» ብለው ግራ ቀኝ አይተው ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ሳቁ።

ቀላል አልነበረም። ቻርቱን የቀዱ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች በየቤቱ አሉ፤ ልጆቹ ሌላውን መንታ ሰምተው ይመጣሉ። አንዱ የፀሐዩን «ሳን» እየጻፍን ሳለ «ቲቸር፣ ሌላም አለ!» ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ሕግ አወጣን። መንታውን የጠራ ሰው ሲኖር ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ገና ነው!» ይለዋል። ይህን ወደዱት። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ድንገት ገቡና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን አይተው፣ ለመፈተን ያህል፣ «እሺ፣ የዚህ ሌላው ትርጉምስ?» ብለው ጠየቁ። ስድሳ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ገና ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። እኔ ደነገጥሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዐቢይ ጾም ላይ የሙከራ ፈተና ሰጠሁ። ልጅቷ አቀያየረች። ሁለት ቦታ ላይ፣ ያውም በመስማትና በ«እዚህ» መካከል፣ ገና ሁለተኛውን ባላስተማርኋት ቃል። ያለፈው ዓመት ቻርት ገና ከውስጧ አልወጣም ነበር። ወረቀቷን ስመልስላት አላለቀሰችም፤ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና «እናቴ ይህን ሰምታ ጆንያውን መልሺ፣ መደቡ ላይ ተቀመጪ ካለችኝስ?» አለችኝ።

«አልመልስም በያት።»

«እንደሱማ አይባልም።»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ።»

አልሄድሁም፤ አላስፈለገም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ሁለታችን ክፍል ውስጥ እንቀር ጀመር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እሷ ዳቦዋን ትበላለች። እናቷ እንዳሉት አደረግሁ፤ የተጣመመውን ፈታሁት። የመስማቱን «ሂር» ከነጭራሹ አስተውኋት። የ«እዚህ»ን ብቻ ያዝን። ቤቱን ራሷ መረጠች፤ የእናቷ የገበያ መደብ። «እዚህ ተቀመጪ» የሚባለው እዚያ ነው አለች። ያቺን መደብ እንደማትፈልጋት አውቃለሁ። ግን ቃሉን ከዚያ በኋላ አልሳተችውም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ለራሴ የምለምነውን ትቼ ስለ አንዲት እስላም ልጅ እንግሊዝኛ እለምን ነበር፤ ቅዱሳኑ ምን ብለው ይሆን?

ከፋሲካ በኋላ መንታዎቹን አስገባኋቸው፤ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቀን፣ በራሱ ቤት። የመጀመሪያውን ቃል ሰሌዳው ላይ ከጎኑ ጽፌ አላውቅም። ሁለቱን አብረው እንዲያገኟቸው የተውሁት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ግር ሲላቸው «የጆንያው ነው ወይስ የሳሙናው?» ብለው ራሳቸውን ሲጠይቁ እሰማ ነበር።

በፈተናው ቀን እኛ መምህራን ሌላ ትምህርት ቤት ልንቆጣጠር ተመደብን። ጠዋት በጊደር መጋላ በኩል አለፍሁ። እናትየዋ መደባቸው ላይ ነበሩ፤ አዲስ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሄደች?» አልኋቸው።

«ከፈጅር ጀምራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ዱዓ አድርጌያለሁ። አንቺም በወገንሽ በኩል በይ።»

«ብያለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ኢንሻአላህ።»

ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የወደቁም ነበሩ፤ ስማቸውን ዛሬም አልረሳሁም። ከእነርሱ መካከል «ገና ነው!» ሲል ድምፁ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ አንዱ ነበር። ወረቀቱ የተለጠፈበት ግድግዳ ጋ ስደርስ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቀድማኝ ቆማለች። እናትየዋ ፊደል አያነቡም፤ ዓይናቸውም አይረዳቸውም። ልጃቸው በጣቷ የነካችላቸውን መስመር ተጠግተው አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አልፋለች ትለኛለች። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ። እንግሊዝኛውንም አልፋለች።»

«አልሃምዱሊላህ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ደደብ የለም ማለት ነው።» ይህን ብለው ገበያቸውን ጥለው መምጣታቸው ትዝ አላቸውና ብቻቸውን ሄዱ። ልጅቷን ተከተይኝ አላሏትም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፏን ይዛ መጣች። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ገጹ ላይ በእርሳስ ያሰመረችባቸው ቃላት ከቀሩት ይበዛሉ። አልደነገጠችም። አንዱን ነካችው። «ሴል» ይላል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አካሉ ከእርሱ እንደሚሠራ፣ እንደ ጡብ ሆኖ ቅጠልንም ሰውንም እንደሚያቆም አስረዳኋት። የቅጠል ሥዕል ነበረው፤ በእርሱ ላይ አሳየኋት። ደስ አለኝና ዐመሌ ተነሣብኝ። መንታ አለው፤ መንታውም የእናቷ የዕለት ሥራ ነው፣ መሸጥ።

«ታውቂያለሽ፣ ይህ ቃል ደግሞ ሌላ...»

መዳፏን በመጽሐፉ ላይ አደረገችው።

«ገና ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። «ይኼኛው መጀመሪያ ቤቱን ይያዝ።»

እጄን ከመጽሐፉ ላይ አነሣሁ። እሷም እርሳሷን አንስታ ወደሚቀጥለው ቃል አለፈች።